ለውሃና ፍሳሽ ፕሮጀክት ዝቅተኛ ወለድ ያለው የመንግሥት ብድር እንዴት ይጠየቃል? ለጣና ዳር ከተሞች ዝርዝር መመሪያ

የብድር ጥያቄ ይዘው ሄደው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ የከተማ ውሃ አገልግሎቶች አሉ። ፋይላቸው ሲከፈት ዲዛይኑ ያምራል፣ የከንቲባው ደብዳቤ አለ፣ ማህተሙ ሞልቷል። ገንዘቡ በየዓመቱ ከየት ተገኝቶ እንደሚመለስ ግን አንድም ገጽ አይናገርም። አበዳሪው ደግሞ መጀመሪያ የሚያገላብጠው ያንን ገጽ ነው።

ይህ መመሪያ በወረታ፣ በሐሙሲት፣ በደልጊ፣ በቆላድባ ወይም በሌላ የጣና ዙሪያ ከተማ ለሚሠሩ የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ሥራ አስኪያጆች፣ የቦርድ አባላትና ሂሳብ ሠራተኞች ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ብዙ ሰው ከደረጃ 4 ይጀምርና ደረጃ 7 ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የጊዜ ሰሌዳ

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ ሥራውን መስከረም ላይ ጀምሩ። መስከረምና ጥቅምት ለሂሳብና ለኦዲት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ለብክነት ልኬት፣ ሚያዝያና ግንቦት ለምንጭና ለጉድጓድ ልኬት ይሁኑ። ሰኔና ሐምሌ ታሪፍ አስወስኑ። ነሐሴ ላይ ፋይሉን አጠናቅቁ።

በክረምት የተለካ ምንጭ ይዛችሁ ብትሄዱ ልምድ ያለው መሐንዲስ አንድ ጊዜ አይቶ ይመልሰዋል። ነሐሴ ላይ የማይፈስ ምንጭ የለም።

## ደረጃ 1፦ መበደር የሚገባችሁ መሆኑን አረጋግጡ

በ1991 ዓ.ም የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ ከተማንና ገጠርን ይለያል። የከተማ ውሃ ሙሉ ወጪውን፣ የግንባታውን ጭምር፣ ከተጠቃሚው መመለስ አለበት። የገጠር ውሃ ተጠቃሚ የሚጠበቅበት የማንቀሳቀሻና የጥገና ወጪ ነው።

ለከተሞች ረጅም ጊዜ የሚከፈል ብድር እንዲሰጥ በአዋጅ ቁጥር 268/1994 የተቋቋመው የውሃ ሀብት ልማት ፈንድ ነው። ስለዚህ፦

1. ከተማ ከሆናችሁ፣ የውሃ ቦርድ ካላችሁና ቆጣሪ አንብባችሁ ሂሳብ የምትሰበስቡ ከሆነ ወደ ደረጃ 2 እለፉ።
2. የገጠር ቀበሌ የውሃ ኮሚቴ ከሆናችሁ እዚህ ላይ ቁሙ። የእናንተ መንገድ ብድር አይደለም። ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ በማህበረሰብ የሚመራ ፕሮጀክት እንዳለ ጠይቁ። ይህ አሠራር በፊንላንድ ድጋፍ እዚሁ አማራ ክልል ውስጥ የዳበረ ነው። ገንዘቡ በገንዘብ ተቋም በኩል በቀጥታ ለኮሚቴው ይደርሳል፤ ነዋሪው ደግሞ በጉልበት፣ በቁሳቁስና በገንዘብ ይሳተፋል።
3. በመካከል ያላችሁ፣ ማለትም በቅርቡ ከተማ የተባላችሁና ቦርድ የሌላችሁ፣ መጀመሪያ ቦርድ አቋቁሙ። ለብድር አትቸኩሉ።

## ደረጃ 2፦ ሂሳባችሁን ከማዘጋጃ ቤቱ ለዩ

ከሁሉም በላይ ፋይል የሚጥለው ይህ ነው። የውሃ ገቢ ከማዘጋጃ ቤት ገቢ ጋር ተቀላቅሎ ይቀመጣል። ደመወዝ ሲጎድል ከውሃው ካዝና ይወሰዳል፤ በዓል ሲመጣ ከውሃው ካዝና ይወሰዳል። ከዚያ «ትርፍ የለንም» ይባላል።

እንዲህ አድርጉ፦

1. በውሃ አገልግሎቱ ስም የተለየ የባንክ ሂሳብ ክፈቱ። ፈራሚዎቹ ሥራ አስኪያጁና የሂሳብ ኃላፊው ይሁኑ።
2. ማዘጋጃ ቤቱ ከዚህ በፊት የወሰደውን ገንዘብ በዝርዝር ጻፉ። እንደ ዕዳ ይመዝገብ። የማይመለስ ከሆነም ቦርዱ በቃለ ጉባኤ ይወስን። ዝም ብሎ መተው ግን ኦዲተሩ ፊት ያጋልጣችኋል።
3. የ3 ዓመት ሂሳብ አዘጋጁና በውጭ ኦዲተር አስመርምሩ።
4. ከተጠቃሚ ያልተሰበሰበውን ዕዳ በዕድሜ ከፋፍሉት፤ እስከ 3 ወር፣ እስከ 1 ዓመት፣ ከ1 ዓመት በላይ ብላችሁ።

አራተኛው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትልልቆቹ ባለዕዳዎች ብዙ ጊዜ ድሃ ቤተሰቦች አይደሉም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ስማቸውን ከዝርዝሩ አታውጡ። ዝርዝሩን ለከንቲባው በደብዳቤ ስጡ፤ ከሚቀጥለው በጀት እንዲከፈል የካቢኔ ውሳኔ ጠይቁ።

የሂሳብ ሰነድ ጠፍቶ ከሆነ ደረሰኝ ፍለጋ አትባዝኑ፤ ፈጥራችሁማ በፍጹም አትጻፉ። ከባንክ የ3 ዓመት የሂሳብ መግለጫ አውጡ፣ ከመብራት ክፍያና ከደመወዝ መዝገብ ጋር አስታርቁት፣ የጎደለውን «ሰነድ ያልተገኘለት» ብላችሁ ለዩ። የተስተካከለ ውሸት ከሚይዝ ፋይል ጉድለቱን የሚያሳይ ፋይል ይሻላል።

## ደረጃ 3፦ የሚጠፋውን ውሃ ለኩ

አዲስ ጉድጓድ ከመጠየቃችሁ በፊት ያላችሁ ውሃ የት እንደሚገባ እወቁ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

1. ከጉድጓዱ ወይም ከምንጩ መውጫ ላይ ያለውን ዋና ቆጣሪ አንብቡ። የማይሠራ ከሆነ ከሁሉ በፊት እሱን ቀይሩ።
2. ከ30 ቀን በኋላ እንደገና አንብቡ። በዚያው 30 ቀን ለደንበኛና ለቦኖ የተሸጠውን ደምሩ።
3. ልዩነቱን ለምርቱ አካፍሉ። ያ ብክነታችሁ ነው።
4. ሌሊት ከ7 እስከ 10 ሰዓት የማጠራቀሚያውን ማስገቢያ ዝጉና የውሃው ከፍታ በሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወርድ ለኩ።

አራተኛውን በምሳሌ እንየው። ማጠራቀሚያችሁ ክብ ነው፣ ወርዱ 8 ሜትር ነው እንበል። በአንድ ሰዓት 10 ሴንቲ ሜትር ከወረደ 5 ሜትር ኩብ ውሃ ወጥቷል። ከተማው ተኝቷል። ሆቴልና ሆስፒታል የተጠቀሙትን ቀንሱ፤ የቀረው በአብዛኛው መሬት ውስጥ እየፈሰሰ ነው። በዚያው መጠን ቀንም ሌሊትም ቢቀጥል በቀን 120 ሜትር ኩብ ይሆናል።

በጣና ዙሪያ ሜዳ ላይ ቧንቧ የሚሰበርበት አንድ የታወቀ ምክንያት ዋልካ አፈር ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መጋጠሚያውን ይጎትተዋል። ዲዛይናችሁ ላይ በዋልካ የሚያልፈው መስመር ስንት ሜትር እንደሆነ ይጻፍ፤ ከሥሩና ከዙሪያው በአሸዋ ወይም በተመረጠ አፈር እንዲሞላ ይታዘዝ። ይህን የዘለለ የዋጋ ግምት ርካሽ ይመስላል፤ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ነው የሚወደደው።

## ደረጃ 4፦ ምንጩን በበጋ ለኩ

ፍላጎት። የአገሪቱ መለኪያ በከተማ ደረጃ ይለያያል። ከ20 ሺህ ሰው በታች ያለው ከተማ በሰው በቀን 40 ሊትር፣ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ያለው 50 ሊትር፣ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ያለው 60 ሊትር ነው። 12 ሺህ ሰው ያለው ከተማ በቀን 480 ሜትር ኩብ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

የሕዝብ ቁጥር አታጋንኑ። ብዙ ሰው ሲጻፍ ፕሮጀክቱ ይተልቃል፣ ብድሩም ይተልቃል። የሌለው ሰው ግን ቢል አይከፍልም።

ምንጭ ከሆነ። በሚያዝያና በግንቦት ለኩ። ውሃውን በአንድ ቧንቧ አውጡት፣ 20 ሊትር ጄሪካን አስቀምጡ፣ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። በ8 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 2.5 ሊትር፣ በቀን 216 ሜትር ኩብ ነው። ለ12 ሺህ ሰው ግማሹን እንኳ አይሞላም። በተለያዩ ቀናት ደጋግማችሁ ለኩና ትንሹን ቁጥር ውሰዱ።

ጥልቅ ጉድጓድ ከሆነ። ቆፋሪው «ውሃ ወጥቷል» ስላለ አትፈርሙለት። መጀመሪያ የሚሳበው የውሃ መጠን በደረጃ ከፍ እየተደረገ ይሞከር፤ ከዚያ በአንድ መጠን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ሳይቋረጥ ይሳብ፤ በመጨረሻም ፓምፑ ቆሞ ውሃው የሚመለስበት ፍጥነት ይመዝገብ። በየሰዓቱ የተመዘገበው ወረቀት ከሪፖርቱ ጋር ይያያዝ።

መብራት። ፓምፑ 24 ሰዓት ይሠራል ብላችሁ አታስሉ። 480 ሜትር ኩብን በ16 ሰዓት ለማውጣት በሰከንድ 8.3 ሊትር ያስፈልጋል። የትራንስፎርመርና የመስመር ዝርጋታ ማመልከቻ አሁኑኑ አስገቡ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ቧንቧው ተቀብሮ፣ ትራንስፎርመር ሲጠበቅ የብድሩ ወለድ እየቆጠረ ነው።

ጥራት። ናሙናውን ላቦራቶሪ ስጡ። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ምንም ዓይነት የኢ.ኮላይ ባክቴሪያ መገኘት የለበትም።

## ደረጃ 5፦ ታሪፉን ከብድሩ በፊት አስወስኑ

ይህን ደረጃ በጥሞና አንብቡ። የሚከተሉት ቁጥሮች ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡ።

12 ሺህ ሰው ያለው ከተማ 30 ሚሊዮን ብር ተበደረ እንበል። ወለዱ 3 በመቶ፣ የእፎይታ ጊዜው (ዋናው ዕዳ መከፈል ሳይጀምር የሚቆይበት) 3 ዓመት፣ ከዚያ በ20 ዓመት የሚከፈል ይሁን።

1. እፎይታ ነጻ ስጦታ አይደለም። በእፎይታው የሚታሰበው ወለድ ዋናው ላይ ከተደመረ 30 ሚሊዮኑ በ3 ዓመት ወደ 32.8 ሚሊዮን ያድጋል።
2. ዓመታዊ ክፍያ። 32.8 ሚሊዮኑ በ20 ዓመት እኩል ሲከፈል በዓመት 2.2 ሚሊዮን ገደማ ነው። 30 ሚሊዮኑን ያለ እፎይታ በ15 በመቶ ወለድ ብትበደሩት 4.8 ሚሊዮን ገደማ ይሆን ነበር። ዝቅተኛ ወለድ የሚፈለገው ለዚህ ነው።
3. የማንቀሳቀሻ ወጪ። መብራት፣ ደመወዝ፣ ክሎሪን፣ ጥገና ተደምሮ 3 ሚሊዮን ይሁን። የፓምፕ መተኪያ መጠባበቂያም እዚህ ውስጥ ይግባ፤ ፓምፕ እንደ ብድሩ 20 ዓመት አይኖርም።
4. የሚሸጥ ውሃ። በቀን 480 ሜትር ኩብ ተመርቶ 25 በመቶ ቢጠፋ 360 ይሸጣል። በዓመት 131,400 ሜትር ኩብ።
5. ዋጋ። ዓመታዊ ክፍያውና የማንቀሳቀሻ ወጪው ተደምረው 5.2 ሚሊዮን ናቸው፤ ይህ ለ131,400 ሲካፈል በሜትር ኩብ 40 ብር ገደማ። አንድ ሜትር ኩብ 50 ጄሪካን ነው፤ ስለዚህ ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን 80 ሳንቲም ይመጣል።

አሁን ብክነቱን 40 በመቶ አድርጉትና እንደገና አስሉ። የሚሸጠው ወደ 105,120 ሜትር ኩብ ይወርዳል፤ ዋጋው ወደ 49 ብር ተኩል ይወጣል። አንድም ብር ሳትበደሩ፣ ቧንቧ በመጠገን ብቻ የሚገኘው ልዩነት ይኼ ነው። ደረጃ 3ን አትዝለሉ ያልኩት ለዚህ ነው።

አቅም ፈትሹ። 5 ሰው ያለው ቤት በሰው 30 ሊትር ቢጠቀም በወር 4.5 ሜትር ኩብ ነው፤ ቢሉ 180 ብር። የተለመደው መለኪያ የውሃ ወጪ ከቤተሰብ ገቢ 5 በመቶ እንዳያልፍ ነው። በወር ከ3,600 ብር በታች የሚያገኝ ቤት ላይ ይከብዳል። እንግዲህ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትር ኩቦች ዝቅ ያለ፣ ብዙ ለሚጠቀመው ሆቴልና መኪና እጥበት ከፍ ያለ ታሪፍ አውጡ።

ቦኖውን አትርሱ። በቦኖ 80 ሳንቲም ብሎ ዋጋ በተግባር አይሠራም፤ መልስ ከየት ይመጣል? 1 ብር ይሆናል፤ ልዩነቱ የቦኖ ጠባቂዋ አበል ይሁን። ይህን በግልጽ ጻፉት።

ሕዝቡ ከተቃወመ ስብሰባውን አቋርጣችሁ አትውጡ። ስሌቱን በትልቅ ወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ። በጋሪ የሚሸጠው ጄሪካን ዛሬ ስንት እንደሆነ ራሳቸው ይናገሩና አጠገቡ ይጻፍ። ጭማሪውንም በአንድ ጊዜ አትጫኑ፤ በእፎይታው 3 ዓመት ውስጥ በየዓመቱ ከፋፍላችሁ አሳድጉት። የመጀመሪያው ክፍያ ቀን ሲደርስ ታሪፉ ሙሉ ቦታው ላይ መሆን አለበት።

ውሳኔው በቦርዱ ከጸደቀ በኋላ በሚመለከተው የከተማው አካል ይጽደቅ። ቃለ ጉባኤው በፊርማና በማህተም ካልተያያዘ ታሪፍ የላችሁም።

## ደረጃ 6፦ ፍሳሹን አትለዩት

ጣና ዳር ላይ ፍሳሽን «ሌላ ጊዜ» የሚል ፕሮጀክት ብዙ አያስኬድም። ሐይቁ ራሱ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ብዙ ውሃ ስታመጡ ደግሞ ብዙ ፍሳሽ ታመርታላችሁ።

ለትንሽ ከተማ የመንገድ ለመንገድ የፍሳሽ መስመር አልመክርም፤ ብድሩን ይውጠዋል። ከመምጠጫ መኪና፣ ከዝቃጭ ማድረቂያ አልጋና ከማጣሪያ ኩሬ ጀምሩ።

1. ቦታ ስትመርጡ የጎርፍ ሜዳ ሽሹ። ፎገራና ደንቢያ ላይ ክረምት ምን እንደሚመስል የምታውቁት ነው። የሐይቁ ከፍታ ደግሞ ጫፍ የሚደርሰው ዝናቡ ሲያልቅ፣ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ነው። የኩሬውን ቦታ ግንቦት ላይ አይታችሁ ብቻ አትወስኑ።
2. ከውሃ ምንጭ አርቁ። ባሕር ዳር አካባቢ ያለው ድንጋይ በብዙ ቦታ የተቦረቦረና የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ነው። ቆሻሻ ውሃ በስንጥቁ ውስጥ በፍጥነት ይሄዳል። ለመጸዳጃ ጉድጓድ 30 ሜትር የሚባለው ርቀት እዚህ ዝቅተኛው ነው። የመሬቱን ቁልቁለትም እዩ፤ ማጣሪያው ከውሃ ጉድጓዱ በላይ በኩል አይሁን።
3. ርቀቱ ለሹፌሩም ይታሰብ። መድፊያው በጣም ከራቀ መኪናው መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ይደፋል። ደንብ ቢኖርም ይደፋል። በየጉዞው በማጣሪያው ጥበቃ የሚፈረም ኩፖን ይኑር፤ ክፍያ በኩፖን ይሁን።
4. ገቢውን ከውሃ ቢል ጋር አያይዙ። ሰው ሽንት ቤቱ እስኪሞላ ስለማይከፍል የመምጠጫ ገቢ ይዋዥቃል። በውሃ ቢል ላይ ትንሽ በመቶኛ የፍሳሽ ክፍያ ጨምሩ።
5. የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውን ዲዛይኑ ሳያልቅ ጀምሩ። ቦታ ቀይሩ የሚል መልስ ከመጣ በወረቀት ላይ ሳለ ይምጣ።

## ደረጃ 7፦ ፋይሉን አዘጋጁ

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ የቦርድ ውሳኔ፣ የተመረመረ የ3 ዓመት ሂሳብ፣ የብክነት ልኬት፣ የምንጭ ልኬትና የላቦራቶሪ ውጤት፣ የታሪፍ ስሌትና ውሳኔ፣ ዲዛይንና የዋጋ ግምት፣ የቦታ ይዞታ ማረጋገጫ፣ የካሳ ሰነድ፣ የአካባቢ ፈቃድ፣ የመብራት ማመልከቻ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የዋጋ ግምታችሁ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም በፊት የተሠራ ከሆነ ጣሉት። በዚያ ቀን የውጭ ምንዛሬ ተመን ለገበያ ተለቋል። ፓምፕ፣ ጀነሬተርና ቆጣሪ ከውጭ ነው የሚመጡት። ሁለተኛ፣ መስመሩ የሚያልፍበት ማሳ ባለቤት በቃል ፈቅዷል ማለት ሰነድ አይደለም። አስፈርሙ።

ረቂቁን ይዛችሁ መጀመሪያ ባሕር ዳር የክልሉ ውሃና ኢነርጂ ቢሮ ሂዱ። «ፋይሉን ተቀበሉን» አትበሉ። «የጎደለውን ንገሩን» በሉ። አስተያየቱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ መልስ ጽፋችሁ ተመለሱ።

## ደረጃ 8፦ ውሉን ሳትቸኩሉ አንብቡ

ለፊርማ ስትጠሩ ደስታው ያስቸኩላል። እነዚህን ሳትጠይቁ ብዕር አታንሱ፦

- የእፎይታው ወለድ በየጊዜው ይከፈላል ወይስ ዋናው ላይ ይደመራል?
- ዕዳው የሚቆጠረው በብር ነው ወይስ በውጭ ገንዘብ? የምንዛሬውን ለውጥ ማን ይሸከማል?
- ክፍያ ቢዘገይ ቅጣቱ ስንት ነው? ዋስትና የሰጠው ማነው?
- ገንዘቡ በስንት ዙር ይለቀቃል? ለእያንዳንዱ ዙር ምን ይጠየቃል?
- የእፎይታ ጊዜው የሚቆጠረው ከፊርማው ቀን ነው ወይስ ገንዘቡ መውጣት ከጀመረበት?

ስለ ውጭ ገንዘቡ የተሰጣችሁ መልስ ግልጽ ካልሆነ ለመፈረም አትስማሙ። ቢላችሁ የሚሰበሰበው በብር ነው።

## ደረጃ 9፦ ግንባታው ላይ ገንዘቡን ጠብቁ

የቅድመ ክፍያ ዋስትናና የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ከባንክ መሆናቸውን ባንኩ ድረስ ሄዳችሁ አረጋግጡ። የክፍያ ሰርተፊኬት ስትፈርሙ ቧንቧው ሳይቀበር አይታችሁ፣ በግፊት ተሞክሮ ይሁን። ከተቀበረ በኋላ የሚታየው አፈር ብቻ ነው።

መንገድ በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ ሥራ ከቆመ በዚያው ሳምንት ለአበዳሪው በደብዳቤ አሳውቁ። ዕቃው ሳይት ላይ ካለ ቆጥራችሁ ተፈራረሙና ጥበቃ አቁሙ። ሥራው ሲቀጥል የጊዜ ማራዘሚያ የምታገኙት በዚያ ደብዳቤ ነው፤ በኋላ የተጻፈ ደብዳቤ ሰበብ ይመስላል።

ርክክብ ላይ የመሬት ውስጥ መስመሩን ካርታ ካልተቀበላችሁ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ።

## ደረጃ 10፦ መክፈል ስትጀምሩ

ለብድሩ የተለየ ሂሳብ ክፈቱ። በየወሩ የዓመቱን ክፍያ 1/12ኛ አስገቡ፤ በምሳሌያችን 184 ሺህ ብር ገደማ ነው። ዓመቱ መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ አገኛለሁ የሚል ሥራ አስኪያጅ አያገኝም።

ሦስት ወር በተከታታይ ሙሉውን ማስገባት ካቃታችሁ ሦስት ቦታ ፈልጉ፦ የቆሙ ቆጣሪዎች፣ ያልከፈሉ መሥሪያ ቤቶች፣ አዲስ ስብራት። በዚህ ካልተስተካከለ የመክፈያው ቀን ከመድረሱ ቢያንስ 60 ቀን ቀድማችሁ ለአበዳሪው ጻፉ። ከደብዳቤው ጋር የ12 ወር የገቢና ወጪ ሰንጠረዥ፣ የሠራችሁትን እርምጃ ዝርዝርና መክፈል የምትችሉትን መጠን አያይዙ። የፓምፕ መጠባበቂያውን አውጥታችሁ ዕዳ አትክፈሉበት፤ ፓምፑ ከቆመ የሚሸጥ ውሃ አይኖርም፣ የሚቀጥለው ክፍያም አይኖርም።